አንቺ የሚለውን እሷ አድርጊው

በርገን፣ ኖርዌይ
ጥቅምት 12 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለአጎቴ ልጅ ለረዲያ ሳቢር፤

አሰላሙ ዐለይኪ ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ዓይንሽንና እጅሽን ይጠብቅልሽ፤ በነሱ ሰፍተሽ ነው የምታድሪውና። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። እዚህ ዝናቡ ከጀመረ ሁለተኛ ወሩን ያዘ። እኛ ጭሮ ክረምት የምንለውን እነዚህ ቢያዩት በጋ ገባ ብለው ኮታቸውን ያወልቃሉ።

ደብዳቤ ስታዪ እንደምትስቂ አውቃለሁ። በስልክ "ደህና ነሽ?" "ደህና ነኝ" "እናቴስ?" "ደህና ናቸው" ተባብለን እንዘጋለን። አሥራ አንድ ዓመት እንዲሁ አለፈ። ስለዚህ አንድ ነገር ልለምንሽ፤ በእጅሽ ጻፊልኝ። በቴሌግራም ሳይሆን በእስክሪብቶ፣ በወረቀት። መምህር ጎበዜ "ጽሕፈት ማለት ይህ ነው!" እያሉ ለክፍሉ ሁሉ ያሳዩት የነበረው ጽሕፈትሽ አሁንም አለ? የኔ ጠፍቷል፤ ይህችን ገጽ ለመጻፍ ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል።

ሥራዬ ያው ነው። ጠዋት ጠዋት መጦሪያ ውስጥ አሮጊቶች አጥባለሁ፣ አበላለሁ። ከሰዓት በኋላ እስላለሁ። ሥዕሌን ዞር ብሎ የሚያይልኝ ግን የለም። አንዲት የሥዕል አዳራሽ ኃላፊ ሥራዎቼን አገላብጣ አየችና "እጅሽ ጥሩ ነው፤ ግን ምን እንደደረሰብሽ አይታይበትም" አለችኝ። እስካሁን ይከነክነኛል።

ስለ ቤቱ ጻፊልኝ። ስለ ልጅነታችንም የመጣልሽን ሁሉ ጻፊልኝ። እናቴን ግንባሯን ሳሚልኝ፤ ለጉልበቷ መድኃኒት በባንክ ልኬአለሁ።

ዱዓሽ አይለየኝ።
ሀሚዳ

*

ጭሮ
ኅዳር 20 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሀሚዳ ሙሜ፤

ወዐለይኪ ሰላም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። በሰው አገር ያቆመሽ አላህ በደህና ይመልስሽ፤ እስኪመልስሽ ድረስም ከዚያ ዝናብ ይከልልሽ። እኛ ከጉልበትና ከሳል በቀር ደህና ነን።

ከፖስታ ቤት "ወረቀት አለሽ" ተብዬ ስጠራ የተከሰስኩ መስሎኝ ልቤ ስንጥቅ ብሎ ነበር። እዚህ ዛሬ በፖስታ የሚመጣ ነገር ሁሉ ከመሥሪያ ቤት ነው። ያንቺ መሆኑን ሳይ ግን ልትለካ የመጣችውን ሙሽራ በቆመችበት ትቼ ሱቁ በር ላይ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ቤት ገብቼ ደግሞ ለአዴ ኩብራ ሦስት ጊዜ አነበብኩላቸው። "ግንባሯን ሳሚልኝ" የሚለው ጋ ስደርስ ግንባራቸውን ያስጠጉልኛል፤ እኔም ሦስቴ ሳምኳቸው። እናትሽ ብልህ ናቸው፤ አራተኛም እንዳነብ ፈልገው ነበር።

ጉልበታቸው ግን እምቢ ብሏል። ካልደገፍኳቸው አይነሱም። ጠዋት አጥቤ፣ አልብሼ፣ በር ላይ ፀሐይ አስይዤያቸው ወደ ሱቅ እሄዳለሁ። አንቺም እዚያ የሰው እናት ታጥቢያለሽ አልሽኝ? ወይ ጉድ! በአውሮፕላን ተሳፍረሽ የሄድሽው ለዚሁ ነው እንዴ?

ስለ ልጅነት ምን ልበልሽ? የተወለድኩበትን መሰላን አላስታውሰውም። አባቴና እናቴ በአንድ ዓመት ውስጥ ሲሞቱ ስድስት ዓመቴ ነበር። አባትሽ መጥተው "የወንድሜ ልጅ ሜዳ ላይ አትቀርም" ብለው ወደ ጭሮ አመጡኝ፤ አስተማሩኝ። አላህ ይርሐማቸው፣ ለዚህ ሁልጊዜ ዱዓ አደርግላቸዋለሁ። ሌላውን ሌላውን ብዙም አላነሳውም።

ይህ ወር ደግሞ የበርበሬ ወር ነው። ጎረቤታችን ኡምኩልሱም በርበሬ ማመስ ስትጀምር ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ እስከ መናኸሪያው እሸሻለሁ። አንድ ጊዜ ጅብሪል ለምን እንደፈታኝ ጠይቀሽኝ አልመለስኩልሽም ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ አልጫ በላ፤ በአራተኛው ቀይ ወጥ የምትሠራ አገባ። ለሱ የሚፈርድለት እንጂ የሚፈርድበት አይገኝም።

እንግዲህ ጽሕፈቴ ይኸው። ድሮ ከነበረው ይበልጣል ወይስ ያንሳል?

አክባሪሽ ረዲያ

*

በርገን
ጥር 9 ቀን 2015 ዓ.ም.

ውድ ረዲያ፤

ሰላምና ጤና ካለሽበት ይግባ። ጽሕፈትሽን ከፊቴ ዘርግቼ ብዙ አየሁት። ሳላነበው እንኳ ያምራል። እዚህ ለአንዲት ጓደኛዬ ባሳያት ምን እንደሚል ሳታውቅ እጇን አሳረፈችበት።

የአልጫው ነገር መጀመሪያ አሳቀኝ። ሁለተኛ ሳነበው ግን መቀመጫዬ ላይ ደርቄ ቀረሁ። ለምን ከበርበሬ እንደምትሸሺ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ያን የካርታውን ቀን ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አንስተነው አናውቅም። ረዲያ፣ እሱን ጻፊልኝ። ከጠዋት እስከ ማታ፣ ምንም ሳታስቀሪ፣ ምንም ሳታለሳልሺ ጻፊው። እኔ እንዳይከፋኝ ብለሽ አትደብቂ። መስማት እፈልጋለሁ፤ መስማትም ይገባኛል።

እስኪደርሰኝ ድረስ በጉጉት እጠብቃለሁ።

ሀሚዳ

*

ጭሮ
የካቲት 25 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሀሚዳ፤

ሰላምታዬ እንደ ወትሮው ነው። ረመዳን ሊገባ ነው፤ አላህ በደህና አስጀምሮ በደህና ያስጨርስሽ።

"መስማት ይገባኛል" ያልሽውን አንብቤ ሱቄን ዘጋሁ። ይህን ቃል ካንቺ ስጠብቅ ነው የኖርኩት። እንግዲህ ብለሽኛልና ምንም አላስቀርም።

ቅዳሜ ነበር፣ በ1988። አንቺ ዘጠኝ፣ እኔ ሰባት ዓመቴ። አባትሽ ከጫቱ ገበያ መጥተው፣ ማዘጋጃ ቤት የሚወስዱትን የቤቱን ካርታ ከሣጥን አውጥተው አልጋ ላይ አስቀመጡና ለሰላት ወጡ። አንቺ ጆንያ ላይ ምልክት የሚያደርጉበትን ኮፒያ እርሳስ አነሳሽ፤ ያን ምራቅ ሲነካው ሐምራዊ የሚሆነውን። ካርታውን ገልብጠሽ በጀርባው አህያ ሳልሽ። "እግሩ አምስት ሆነ እኮ" ስልሽ "አምስተኛው ጭራው ነው" አልሽኝ። ከዚያ ጭራ ደግሞ ለብቻው ሳልሽለት። ሆዳችንን እስኪያመን ሳቅን። በሕይወቴ ያየሁት የመጀመሪያው ያንቺ ሥዕል እሱ ነው፤ እውነቱን ልንገርሽ፣ ያምር ነበር። ግን ቀለሙ ወደ ፊተኛው ገጽ ዘልቆ ማኅተሙን በላው።

አባትሽ ተመልሰው አዩት። "ማነው?" አሉ። አልጮሁም። እኔ ዝም አልኩ፤ አንቺን ላለመስጠት ወስኜ ነበር። አንቺ ግን ጣትሽን ቀሰርሽብኝ። "ኢሲዳ" አልሽ። እሷ ናት። እኔና አንቺ ስንጫወት በአማርኛ ነበር፤ ለአባትሽ ግን በኦሮምኛ ነበር የምትናገሪው። አንዲት ቃል ናት። ዛሬም ገበያ መሐል ሰው በሰው ላይ "ኢሲዳ" ሲል ከሰማሁ ጀርባዬ ይቀዘቅዛል።

እናትሽ ማንደጃውን ከነፍሙ አመጡ። ደረቅ በርበሬ ከነፍሬው በተኑበት። ብርድ ልብስ አለበሱኝና አንገቴን ይዘው ወደ ታች ተጫኑኝ። ሰው መጀመሪያ ዓይን የሚያቃጥል ይመስለዋል። ጉሮሮ ነው መጀመሪያ። አየር ፍለጋ አፍሽን ስትከፍቺ የሚገባው እሱ ራሱ ነው። "አልደግምም" ብዬ ጮህኩ። ያላደረግሁትን አልደግምም ብዬ በአላህ ስም ማልኩ። በብርድ ልብሱ ጫፍ ስር እግሮችሽ ይታዩኝ ነበር። በሩ ላይ ቆመሽ ነበር። አልሄድሽም፣ አልቀረብሽም።

ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ቀን ድምፅ አልነበረኝም። ሲመለስም ሻክሮ ተመለሰ። ልጆቹ ቁራ አሉኝ፤ ታስታውሺያለሽ። ክፍል ውስጥ እጄን ማውጣት ተውኩ፤ የምለውን ሁሉ በደብተር አልኩ። መምህር ጎበዜ የወደዱት ጽሕፈት የመጣው እንደዚያ ነው።

ሌላም ልንገርሽ። ከሦስት ዓመት በፊት ከሱቄ አንድ ጥቅል ጨርቅ ሲሰረቅ ሌባዋን በዓይኔ አይቻታለሁ። ፖሊሱ "ማናት?" ሲለኝ አላየሁም አልኩ። በሰው ላይ ጣት መቀሰር አልችልም። ጣቴ አይታዘዘኝም።

በእናትሽ ላይ ምንም ቂም የለኝም። የልጃቸውን ቃል አምነው፣ ተሳስተው ያደረጉት ነው። ይህን ባላምን ኖሮ በየጠዋቱ እንዴት አጥባቸው ነበር? አንቺም ልጅ ነበርሽ፣ ፈርተሽ ነው። ግን አሁን ልጅ አይደለሽም፤ አንዲት ቃል ይቀርሻል። ይህን ደብዳቤ ለሳቸው አላነበብኩላቸውም። ይህ የኔና ያንቺ ነው።

ረዲያ

*

በርገን
ሐምሌ 3 ቀን 2015 ዓ.ም.

ውድ እህቴ ረዲያ፤

ሰላም ላንቺና ለእናቴ ይሁን። ዒዳችሁ እንዴት አለፈ? ከአራት ወር በላይ ዝም ስላልኩሽ አትቀየሚኝ። ደብዳቤሽን ካነበብኩ ጀምሮ ሌላ ነገር መሥራት አልቻልኩም። አሮጊቶቹንም ትቻለሁ፤ ቀንና ሌት ሥራዬ ላይ ነኝ። ያች ኃላፊ አሁን ራሷ ትደውልልኛለች።

አንድ ልመና አለኝ። ያ ደብዳቤ ውሃ ነክቶት ተበላሸ። በዚህ ጥቅል የላክሁልሽ ወፍራም ወረቀት ላይ፣ ፊደሉን ተለቅ አድርገሽ፣ እንደገና ገልብጪልኝ። ስትገለብጪ ጥቂት ነገር ብቻ ቀይሪ። "አንቺ" የሚለውን ሁሉ "እሷ" አድርጊው። "አባትሽ" የሚለውን "አጎቴ"፣ "እናትሽ" የሚለውን "የአጎቴ ሚስት" በይው። ስም አታስገቢ፣ ያንቺንም የኔንም። ስለ ሱቁና ስለ ሌባዋ ያለውም ይቅር። ራቅ ብዬ ሳየው ለመሳል ይመቸኛል፤ "አንቺ" እያለ ሲጠራኝ እጄ ይያዛል።

ለእናቴ መድኃኒትና ላንቺም ለዒድ ብዬ ጨመር አድርጌ ልኬአለሁ።

ሀሚዳ

*

ጭሮ
ነሐሴ 28 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሀሚዳ፤

አሰላሙ ዐለይኪ። ሥራሽ ስለተቃናልሽ ደስ ብሎኛል፤ አላህ እጅሽን ይባርከው።

ይኸው ገልብጬ ልኬልሻለሁ፣ አሥራ ሁለት ትልልቅ ገጽ። የመቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቼ አራት ቀን ከሰዓት ፈጀብኝ። ደንበኞች "የዞን አስተዳደሩን ማስታወቂያ ያዝሽ እንዴ?" እያሉ ቀልደውብኛል። ወረቀቱ ግን ጉድ ነው፤ እስክሪብቶ ሲነካው ልብስ የነኩ ያህል ይለሰልሳል።

አንድ ነገር ታዘብኩ። አንቺ ብዬ ስጽፍ ደብዳቤ ነበር፤ እሷ ሲሆን ሐሜት ሆነ። ለራሴ ባይተዋር ሆንኩ። ላንቺ ካልኩሽ ግን ይሁን ብያለሁ።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ ያነበብኩት አንዲት ቃል ፍለጋ ነው። አላገኘኋትም። የሥዕል ሰው በቃል አይናገርም፣ በሥራዋ ልትለኝ ይሆናል ብዬ ተውኩት።

አዴ ኩብራ "መቼ ነው የምትመጣው?" እያሉ ነው። ምን ልበላቸው?

ረዲያ

*

ጭሮ
ሚያዝያ 21 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለሀሚዳ ሙሜ፤

ሰላምታ የሌለው ደብዳቤ ጽፌ አላውቅም፤ ስለዚህ ሰላም ላንቺ ይሁን።

ስምንት ወር ወሬሽን ጠበቅሁ። ትናንት መጣልኝ። መምህርት እፀገነት የምትባል፣ ከጎጃም ተመድባ የመጣች የእንግሊዝኛ መምህርት አለች፤ ደንበኛዬ ናት። ሜትሩን ወገቧ ላይ እንዳዞርኩ ስልኳን ዘረጋችልኝ። "ሀሚዳ ሙሜ ዘመድሽ አይደለችም? እዪልኝ፣ ዝነኛ ሆናለች" አለችኝ።

አየሁሽ። ጥቁር ለብሰሽ ቆመሻል። ከጀርባሽ ያለው ግድግዳ ከላይ እስከ ታች የኔ እጅ ነው። አሥራ ሁለቱም ገጽ በመስታወት ተሰቅሏል። መሐል ላይ የመስታወት ሣጥን፣ ውስጡ ደረቅ በርበሬ። ሰዎች ብርጭቆ ይዘው ጎንበስ ብለው ያሸታሉ። ከላይ በትልቁ ISIIDHA ይላል፤ ኢሲዳ።

ከሥር በእንግሊዝኛ የሚያልፈውን ጽሑፍ እፀገነት አንድ በአንድ እያቆመች አነበበችልኝ። "ወላጆቼ በልጅነቴ ሞቱ፤ አጎቴ ቤት አደግሁ" አልሽ። "ይህ ጽሕፈት የኔ ነው" አልሽ። "የአጎቴ ልጅ ያጠፋችውን በኔ ላይ አላከከች፤ ጣቷን ቀሰረችብኝና ኢሲዳ አለች" አልሽ። ጠያቂዋ ሴት "ያች ልጅ አሁን የት ናት?" አለችሽ። ወደ መሬት አየሽ። "እዚያው አገር ቤት ናት፤ ይቅር ብያታለሁ" አልሽ። አጨበጨቡልሽ።

ይቅር ብለሽኛል!

የተጎዳሁትን ወስደሽ ብቻ ቢሆን አንድ ነገር ነው። ያንቺን ደግሞ ለኔ ሰጠሽኝ። ጉሮሮዬን ወሰድሽ፣ ጣትሽን ተውሽልኝ። ወላሂ፣ በሰባት ዓመቴ ያደረግሽብኝን ባለማወቅ ነው ብዬ ኖሬአለሁ። ይህን ግን ወረቀት መርጠሽ፣ ልክ ለክተሽ፣ "አንቺ የሚለውን እሷ አድርጊው" ብለሽ አዘሽ፣ በራሴ እጅ አስጽፈሽ ነው ያደረግሽው። በገዛ እጄ ራሴን ከራሴ ታሪክ አወጣሁ።

የከፋው ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? እፀገነት ስልኩን አጥፍታ "ያች ክፉ ልጅ... አንቺ ነሽ እንዴ?" ብላ ጠየቀችኝ። አይደለሁም ማለት አቃተኝ። አይደለሁም ካልኩ ማን እንደሆነች መናገር አለብኝ።  እሷ ግን ወገቧን የጻፍኩበትን የልኬት ደብተሬን አየች፤ ስልኩን እንደገና ከፍታ ግድግዳውን አየች፤ ደብተሩን ደግማ አየች። ከዚያ እጄን ያዘችኝ።

እናትሽ በር ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነው። ሞተዋል ማለትሽን አልነገርኳቸውም። እኔ ካንቺ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ እዚያው በቆምሽበት፣ ለዚያው ሰው፣ "ያች ልጅ እኔ አይደለሁም" በይ።

ረዲያ ሳቢር

*

በርገን
ሰኔ 30 ቀን 2016 ዓ.ም.

ረዲያ፤

እንዴት ብዬ ሰላም እንደምልሽ አላውቅም።

ውሸት አልጨምርልሽም። ሃያ ዓመት ስስል የኖርኩት ያን በር ነው። የቆምኩበትን። ሁልጊዜ በር ስዬ ሰው ሳልስልበት እተወዋለሁ። እዚያ ቤት ውስጥ ያልተገረፍኩ፣ ያልታጠንኩ እኔ ነኝ፤ ያልታጠነችን ልጅ ሥዕል ማን ሊያይ ይመጣል? ያች ሴት ምን እንደደረሰብሽ አይታይም ስትለኝ እውነቷን ነበር። በኔ ላይ የደረሰ የለም፤ ያደረግሁት ነው ያለው። እሱን ደግሞ መሳል አልቻልኩም። ሞክሬአለሁ። ፊቴን ስደርስበት እጄ ይቆማል።

ደብዳቤሽ የመጣ ጊዜ ላንቺው ልሠራው ነበር፣ በስምሽ። መጀመሪያ ሲጠይቁኝ "የአጎቴ ልጅ" ልል ነበር። በዚህ አገር ቋንቋ አፌ ገና ይደናቀፋል፤ "እኔ" የሚለው ቀድሞ ወጣ። ሴትዮዋ ዓይኗ እንባ አቀረረ። አሥራ አንድ ዓመት እንደዚያ ያየኝ ሰው የለም። ከዚያ መመለስ አቃተኝ። እናቴን የገደልኳትም ታሪኩ እንዲገጥም ብዬ ነው፤ ይህን ስጽፍልሽ ራሴን እጠላለሁ።

አሁን ብናገር ሁሉም ያልቃል። ኤግዚቢሽኑ በመጋቢት ወደ ሌላ ትልቅ ከተማ ይሄዳል። የጽሕፈቱ ባለቤት ማን ነው የሚል ጥያቄ ቢነሳ ብለው ፈቃድ ይፈልጋሉ። ከዚህ ጋር ወረቀት አለ፤ ፈርመሽ ላኪልኝ። ከሚገኘው እኩል ያንቺ ነው፣ ለሳልሽና ለሳንባሽም አዲስ አበባ አሳክምሻለሁ። ለኔ ስትይ ባይሆን እንኳ ለእናቴ ስትይ።

ይህን ደብዳቤ ለእናቴ አታንብቢላት። አደራ፣ ሌላ ምንም አልልሽም።

በድያለሁ። ይቅር በይኝ።

ሀሚዳ

*

ጭሮ
ነሐሴ 19 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለሀሚዳ ሙሜ፤

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። የጠበቅኋት ቃል መጨረሻው ላይ አለች፣ ከፊርማ ጥያቄው በታች። አየኋት።

እናትሽ ፖስታውን ሲያዩ እንደ ሁልጊዜው ግንባራቸውን አስጠጉ። እኔም እንደ ሁልጊዜው ማንበብ ጀመርኩ፤ የማይነበበውን እየዘለልኩ፣ ከራሴ ሰላምታ እየጨመርኩ። "ለእናቴ አታንብቢላት" የሚለው ጋ ስደርስ ድምፄ ቆመ። "ምነው ዝም አልሽ?" አሉኝ። "አልተነበበልኝም" አልኳቸው። "ያንቺ ዓይን ክር መርፌ ውስጥ ያስገባል፤ አንብቢ" አሉ። ከላይ ጀምሬ አነበብኩት። ከዚያ ያለፈውንም ሁሉ አምጥቼ አነበብኩ፣ አንድ ሳላስቀር።

 ውሃ ጠየቁ፣ ሰጠኋቸው። ከዚህ በኋላ ያለውን ልክ እንደተናገረችው ነው የምጽፍልሽ። "አሉ" ማለት እጄ እምቢ አለኝ፤ "አለች" ብዬ ጽፌዋለሁ፣ አንቱታው አልመጣልኝም።

"ካርታው ላይ የሳለችው ሀሚዳ እንደሆነች ያኔም አውቅ ነበር" አለች። "ምላሷ ሐምራዊ ሆኖ ነበር። እርሳሱን እየላሰች ነበር የሳለችው። ሙሜ እንዳያይባት አፏን በቀሚሴ ጠረግሁላት፤ ከዚያ በርበሬውን አመጣሁ።"

"ለምን?" አልኳት። ቁራ ድምፄ ነው የወጣው።

"ሙሜ አንድ ሰው ሳይቀጣ አይበርድለትም ነበር። የሷን አንገት መያዝ አልቻልኩም። ያንቺን ቻልኩ። አንቺ እናት አልነበረሽም፤ መጥቶ ለምን የሚለኝ አልነበረም።"

ሃያ ስምንት ዓመት ተሳስታ ነው እያልኩ ኖርኩ። ተሳስታ ነው እያልኩ ጡቷን አጠብኩ፣ ጥፍሯን ቆረጥኩ። በዚያ ቤት ያላወቅሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። አንቺ ምላስሽን ታውቂ ነበር፣ እሷ ቀሚሷን ታውቅ ነበር። ሁለታችሁም ስታዩኝ ኖራችሁ።

በማግስቱ ጠዋት አጠብኳት። ይቅር ያልኳት እንዳይመስልሽ። ካላጠብኳት የሚያጥባት ስለሌለ ነው። አንድም ቃል አልተናገርኳትም፤ ሳሙናው እስኪያልቅ ድረስ እሷም አልተናገረችኝ። ፎጣውን ስይዝላት ግን "ለልጄ ይህን ጻፊላት፣ እኔም አለሁበት በያት" አለችኝ።

የላክሽልኝ ወረቀት ላይ አልፈረምኩም። ገንዘቡንም አልፈልግም። እፀገነት "እኔ በእንግሊዝኛ ጽፌ ለአዳራሹ እልካለሁ" ብላኝ ነበር፤ አይሆንም አልኳት። ጣት መቀሰር የኔ ሥራ አይደለም፤ በዚህ ዕድሜዬም አልጀምረውም። የሚናገር ሰው ካለ አንቺ ነሽ።

ስለዚህ በወፍራሙ ወረቀት ፋንታ ይህን በደብተር ወረቀት የተጻፈውን እልክልሻለሁ። ግድግዳሽ ላይ ከአሥራ ሁለቱ ቀጥሎ ስቀይው። ስሞቹ ሁሉ አሉበት። አንቺ የሚለውም አንቺ ነው።

ከግርጌ ያለው የእናትሽ የቀኝ እጅ አውራ ጣት ነው። መጻፍ ስለማትችል መሥሪያ ቤት እንደሚደረገው በቀለም አስፈረምኳት። የቀለም መርገጫውን እፀገነት ከትምህርት ቤት ተውሳ አመጣችልን፤ ምስክር ሆናም ፈርማለች። ጣቷ ስለሚንቀጠቀጥ የመጀመሪያው ተጨማለቀ፣ ሁለተኛውን እጇን ይዤላት ደገምነው። በልጅነቴ ሞታለች ያልሻቸው ሰዎች መጥተው ሲያዩት፣ የማን ጣት እንደሆነ አንቺው ንገሪያቸው።

ረዲያ ሳቢር

የወይዘሮ ኩብራ አሻራ፦
ምስክር፦ እፀገነት ሽፈራው